የነፋስ ቀን ሄልሜት

ባለቤቴ በተቀበረ ሰሞን እህቱ ከብስራተ ገብርኤል መጥታ ልብሱን ሁሉ አጠበችው። ጠይቃኝ ነበር፤ እሺ ብያታለሁ። በዚያ ሳምንት የጠየቀኝን ሰው ሁሉ እሺ እል ነበር። ሸሚዞቹን፣ ሹራቦቹን፣ የአልጋ ልብሱን፣ የትራሱን ጨርቅ፣ በሕመሙ ወራት ከላዩ የማይለየውን ጋቢ በትልቁ ሳፋ ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ ግቢው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰጣችው። ለአርባው ለነዳያን የሚሰጥ ልብስ ንጹሕ መሆን አለበት አለች። እውነቷን ነው። ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ ጋደም ስል ትራሱ ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ። ጋቢውን ከሽቦው ላይ አንስቼ ፊቴ ላይ አደረግሁት፤ እሱም ሳሙና ነው። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ባዶ እንጨት ነው የሚሸተው። ሰው ከቤቱ ሁለት ጊዜ ሊወጣ እንደሚችል ያን ቀን አወቅሁ።

ያልታጠቡት የብስክሌት ሄልሜቶቹ ብቻ ነበሩ። የባለቤቴ እህት ሄልሜትን እንደ ልብስ አልቆጠረችውም፤ ለእሷ እንደ ድስት፣ እንደ መዶሻ ዕቃ ነው። መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅለው ነበር፤ አቧራቸውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ተወቻቸው። ከመካከላቸው ጥቁሩን፣ ጉልበቱ እስከከዳው ቀን ድረስ ጠዋት ጠዋት እያደረገ ይነዳበት የነበረውን፣ አውርጄ ገለበጥሁትና አሸተትኩት። እሱ ነበር። ላብ፣ የፀጉር ቅባት፣ ትንሽ የመንገድ አቧራ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ምንም ሥራ ሳልጀምር አወርደዋለሁ፣ ጥቂት እይዘዋለሁ፣ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለቤቴ በወጣትነቱ ለክለብ ተቀጥሮ የሚወዳደር ብስክሌተኛ ነበር። እግሩ ሲደክም ክለቡ አላሰናበተውም፤ የተወዳዳሪዎቹን ትጥቅ የሚያዘጋጅ አደረገው። ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ ፍሬኑ የሌላ ሰው ሥራ ነው። የሱ ሥራ ልብስና ሄልሜት ነበር። ይሄ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ የሚል አይጠፋም፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ብያለሁ። ነገር ግን ቱር የሚሉት ውድድር የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ከከተማ ከተማ እየታደረ ብዙ ቀን የሚነዳ ነው፤ አንዱ ቀን ሜዳ፣ አንዱ ቀን ተራራ፣ አንዱ ቀን ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ወጥቶ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት። የተራራው ቀን ሄልሜት ብዙ ቀዳዳ ያለው ክፍቱ ነው፤ ሰው ዳገት በዝግታ ሲወጣ ራሱ ይግላልና አየር ይፈልጋል። የሜዳውና የነፋሱ ቀን የተደፈነው ነው፤ ነፋሱ ሳይገባበት በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል። የሰዓቱ ቀን ደግሞ ከኋላው እንደ ወፍ ጭራ የሾለው። የትኛው ቀን የትኛው እንደሚደረግ የሚወስነው ባለቤቴ ነበር። ሜዳ ሆኖ ፀሐዩ የከበደ ቀን አለ፤ ተራራ ሆኖ ቁልቁለቱ የሚበዛ፣ ዝናብ የሚመጣበት አለ። ያኔ ነው እንቅልፍ የሚያጣው።

በውድድር ሰሞን ማታ ማታ ካለበት ከተማ ይደውልልኛል። እንዴት ዋልሽ ካለኝ በኋላ የሚያወራው ስለ ነገው ሰማይ ነው። "ጠዋት ይበርዳል፤ ዳገቱ ጋ ሲደርሱ ግን ፀሐዩ ይወጣል። የተደፈነውን ካደረጉ ይቀቀላሉ" ይላል። እኔ ወጤን እያማሰልኩ "እህ" እላለሁ። ይሄን ሁሉ ለምን ለእኔ እንደሚነግረኝ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ሳስበው ጮክ ብሎ የሚያስብበት ሰው ፈልጎ ነው። ዛሬ እኔም ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ትልልቁን ልውሰድ ወይስ ትንንሹን ብዬ ጮክ ብዬ የምጠይቅበት ጊዜ አለ፤ ባለሱቁ ነው የሚመልስልኝ።

ሴት ተወዳዳሪዎች ክለቡ ውስጥ ከገቡ ወዲህ ለእኔም ሥራ ተገኘልኝ። ሹሩባ የተሠራች ሴት የራሷ ልክ እንደ ወንዱ አይደለም። በቁጥሩ ልክ ነው ብለው ያመጡት ሄልሜት አይገባላትም፤ ቢገባም ሹሩባው ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ በመጣ ቁጥር ቤት ይዞ ይመጣና እኔ ራስ ላይ ይሞክረዋል። የእኔ ሹሩባ ወፍራም ስለነበረ ለእኔ ልክ የሆነው ለአብዛኞቹ ልጆች ልክ ይሆናል። የአገጩን ማሰሪያ ሳያስር ይተወዋል። "አሁን እምቢ በይ እስቲ" ይለኛል። ራሴን ግራና ቀኝ እወዘውዛለሁ። ሄልሜቱ ካልተነቃነቀ ልክ ነው፤ ከተንሸራተተ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል።

"ኧረ በደንብ እምቢ በይ" ይለኛል። "ይሄማ ሽማግሌ ፊት የሚባል እምቢታ ነው።"

በትዳራችን ዘመን ሁሉ እምቢ በይ ብሎ የለመነኝ ለሄልሜት ብቻ ነው።

ከሴት ተወዳዳሪዎቹ አንዷ ለቡ ከቤተሰቦቿ ጋር ነው የምትኖረው። አባቷ ዛሬ ፎቅ በቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ያርስ የነበረ ገበሬ ነው፤ አሁን ጥቂት ላሞች አሉት፣ ወተት ይሸጣል። ልጅቷን ብስክሌት ያስለመዳት ወተት ማድረስ ነው። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ሙሉ የወተት ዕቃ ከኋላዋ ጭና ዳገት ላይ ስትቀድመው ጊዜ ተከትሏት ቤቷ ሄደ፤ ከአባቷ ጋር ብዙ ተከራክሮ ወደ ክለቡ ወሰዳት። እሱን ጋሼ፣ እኔን እትዬ ትለናለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ ስትመለስ እኛ ጋ ትበላለች፤ ሁለታችን ከምንበላው በላይ ለብቻዋ ትበላለች። እኛ ልጅ አልወለድንም። ይሄን የምጽፈው ነገሩ እንዲገባ ያህል ነው።

በቀብሩ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ አላወቅኋትም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ስታወርደው ተላጭታለች። ያ እንደ ገመድ የወፈረ ሹሩባ የለም፤ ራሷ ትንሽ፣ ጆሮዎቿ ትልልቅ ሆነዋል። እኔ ራሴ ፀጉሬን የተቆረጥኩት አጠር አድርጌ ብቻ ነበር።

የባለቤቴ እህት ከጎኔ ነበረች። "አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው? አባትሽ ሞቷል እንዴ?" አለቻት።

"ጋሼ ነው የሞተው።"

"እኔ እህቱ እንኳ አልተላጨሁም።"

"እርስዎ ቢሮ ይገባሉ" አለች ልጅቷ። "እኔ ከላዬ ሄልሜት ነው የማደርገው፤ ማን ያየኛል?"

አጠገባችን የነበሩት ሴቶች የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ለቅሶ ቤት ሳቅ ሲመጣ እንደሚደረገው። ያን ጊዜ ማናችንም ስለ ሄልሜቷ ልክ አላሰብንም። እሱ ቢሆን ያስብ ነበር። እሱ ግን የሚለቀስለት ሰው ነበር።

አርባው ከወጣ በኋላ ሰው እየቀነሰ ሄደ። ማንንም አልወቅስም፤ ሁሉም ቤት አለው። ጠዋት የአቦ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማኛል፤ ከዚያ የጎረቤት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጡ፤ ከዚያ እስከ ቀትር ምንም። ድሮም ቀን ቀን ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን የሚመጣ ሰው እየጠበቁ ብቻ መሆንና እንዲሁ ብቻ መሆን ለየቅል ናቸው። ቴሌቪዥኑን ለድምፁ ስል እከፍተዋለሁ። የማየው ግን የአየር ትንበያውን ነው፤ የነፋሱን ፍጥነት ሲናገሩ ጆሮዬ ይቆማል፤ ከዚያ ለማን እንደምነግረው አስባለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷና አሰልጣኟ አብረው መጡ። አሰልጣኙ ባለቤቴ በሚወዳደርበት ዘመን አብሮት የነዳ ነው፤ ዛሬ ወፍሮ የእኛን ሦስት ደረጃ ወጥቶ ያለከልካል። የባለቤቴም እህት ልትጠይቀኝ መጥታ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ የተደፈነውን ዓይነት ነጭ ሄልሜት በከረጢት ይዛለች።

"እህቴ፣ ይቅርታ፤ ለሥራ ነው የመጣነው" አለኝ አሰልጣኙ። "እሱ ቢኖር እሱን ነበር የምንጠይቀው።"

"እሱ የለም" አልኩ።

"እሱማ የለም" አለና ተቀመጠ። ከዚያ ጉዳዩን ነገረኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ውጭ አገር ለቱር ይሄዳሉ። ነጩን ሄልሜት ለልጅቷ የመረጠላት፣ ልኩን በሹሩባዋ ላይ ያስተካከለላት ባለቤቴ ነበር፤ ከታመመ በኋላ የሠራው የመጨረሻ ሥራ ነው። አሁን ሹሩባው የለም። ፀጉሯ ማብቀል ጀምሯል፤ ገና ለመሥራት ግን አይያዝም። ትንሹን ቁጥር ክለቡ ከውጭ አዝዟል፤ ከውድድሩ በፊት አይደርስም።

"አድርጊውና አሳዪያት" አላት።

አደረገችው። ከኋላ ያለችውን ማጥበቂያ እስከ መጨረሻው አዞርኳት፤ ከዚያ ወዲያ አትዞርም። ማሰሪያውን ፈታሁት።

"እምቢ በይ እስቲ" አልኳት።

ራሷን ወዘወዘች፤ ሄልሜቱ በአንድ ጆሮዋ ላይ ዞሮ ተንጠለጠለ።

"ከሥር ሻሽ ብታስርበትስ?" አለ አሰልጣኙ።

"ሻሽ ይንሸራተታል። ስትወድቅ ሻሹና ሄልሜቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ራሷ ብቻውን ይቀራል" አልኩ። ይሄን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ድምፁ ግን የሱ ነበር።

"ዊግ ይቀጠልላት" አለች የባለቤቴ እህት። "መካኒሳ ፀጉር ቤት ሞልቷል።"

"ዊጉ ከእኔ ቀድሞ ይገባል፣ ሜዳሊያውንም ይሸልሙታል" አለች ልጅቷ።

አሰልጣኙ ሳቀ፤ ቶሎ ግን ተወው። ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። የቱሩ የመጀመሪያ ቀናት ሜዳ ናቸው፤ ሐይቅ ዳር ዳሩን የሚሄድ፣ ከጎን ነፋስ የሚመታው መንገድ። የልጅቷ ሥራ ከፊት ሆና ለቡድኑ አንደኛ ልጅ ነፋሱን መከላከል ነው። የክለቡ ውሏ በዚህ ቱር ያልቃል፤ ይታደስ አይታደስ የሚታየው በዚያ ሥራዋ ነው። አባቷ ደግሞ ውሉ ካልታደሰ ብስክሌቱ ይበቃል ብሏል። አሰልጣኙ ይሄን ሁሉ እሷው ፊት ተናገረ፤ እሷ የከረጢቱን ገመድ እያጠማዘዘች ታዳምጣለች።

"ክፍቱን ታድርግ እንግዲህ" አለ። "እሱ ልኳ ነው።"

"ነፋሱ አይጎዳትም?" አልኩ።

"በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ ነው የሚጎዳት። ማምሻውን ብዙ ይሆናል።"

የማውቀውን ነገር ያኔ አልተናገርኩም። ባለቤቴ ሲታመም ከሳ፤ ጭንቅላቱ ሳይቀር ከሳ። ጥቁሩ ሄልሜት መወዛወዝ ጀመረበት። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ትንሽም ቢሆን መንዳቱን አልተወም፤ ስለዚህ ውጭ አገር ካለ የድሮ ባልደረባው ወፍራም የውስጥ ስፖንጅ አስመጣና በቀጭኑ ፋንታ ለጠፈበት። ነጩና ጥቁሩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአንዱ ስፖንጅ ለሌላው ይሆናል። የጥቁሩ ቅርፊት ለልጅቷ በጣም ትልቅ ነው እንጂ ስፖንጁ ነጩ ውስጥ ቢገባ ራሷን ይይዝላት ነበር። ሽታው ያለው ደግሞ ስፖንጁ ላይ ነው። ሌላ የትም የለም።

አሰልጣኙ ይሄን አያውቅም። ልጅቷ ታውቃለች፤ ስፖንጁ ሲቀየር እዚሁ ቤት ሆና መቀስ ያቀበለችው እሷ ናት። ዓይኗ አንድ ጊዜ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ፤ ከዚያ ወደ ጉልበቷ ተመለሰ። አልጠየቀችኝም። "ክፍቱ ይሁን" አለች። ሻይ ጠጥተው ሄዱ። የባለቤቴ እህት ብርጭቆዎቹን አጠበችና እሷም ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ሄልሜቱን አወረድኩት። አሸተትኩት። ሽታው አለ፤ ግን ለማግኘት እንደ በፊቱ ቀላል አልነበረም፤ አፍንጫዬን ስፖንጁ ላይ አስጠግቼ ትንሽ መጠበቅ ነበረብኝ። በየቀኑ በሳብኩ ቁጥር እየጨረስኩት ነው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይሄ ሐሳብ ልስጠው የሚለውን ያቀልልኛል ብዬ ነበር፤ አላቀለለልኝም። የሚያልቅ ነገር ይብስ ያሳሳል። መልሼ ሰቀልኩት። የዚያኑ ቀንም የሚቀጥለውንም ቀን እንዲሁ ዋልኩ። ከሱቅ ስመለስ፣ ልብስ ሳጥፍ፣ ልጅቷ ሐይቅ ዳር ከፊት ሆና ነፋስ ሲመታት ትታየኛለች፤ ቀጥላ የወተት ዕቃ ጭና ትታየኛለች። ደግሞ አልጠየቀችኝም እላለሁ። ብትጠይቀኝ እምቢ ማለት እችል ነበር። ያልተጠየቀ ነገር እንዴት ይከለከላል?

በሦስተኛው ቀን ስፖንጁን አንድ በአንድ ላጥኩት። የግንባሩን፣ የጎንና ጎኑን፣ የአናቱን። ሳላጥብ ልስጣት ብዬም አስቤ ነበር፤ እንዲህ ቢሆን ሽታው ቢያንስ ከሰው ጋር ይሄዳል። ነገር ግን ደረቅ ላብ ጨው ነው፤ ለሰዓታት ሲያሽ ግንባር ይልጣል፤ ባለቤቴ በውድድር ሰሞን በየማታው የልጆቹን ሁሉ የሚያጥበው ለዚህ ነበር። በቀዝቃዛ ውኃ፣ በትንሽ የፀጉር ሳሙና፣ ሳይጠመዘዝ፣ በመዳፍ ተጨምቆ ብቻ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ይሰባበራል። ትንሿን ሳፋ አወጣሁና ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው እንዲያጥበው አልፈለግሁም። ውኃው መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ስጨምቀው ግን ግራጫ ሆነ። ቀየርኩት። ሁለተኛውም ጠቆረ። ሦስተኛው ነጣ። ውኃውን የት እንደምደፋው ስለጨነቀኝ ሳፋውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ፤ ኋላ ግን እንደ ማንኛውም ውኃ ደፋሁት።

ሲደርቅ በፌስታል አድርጌ በታክሲ ለቡ ሄድኩ። ልጅቷ በረቱ አጠገብ ብስክሌቷን እያጠበች አገኘኋት። ፌስታሉን ስሰጣት ውስጡን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

"ታጥቧል" አልኳት።

"እትዬ" አለች።

ስፖንጁን ነጩ ውስጥ ለጠፍኩላት። ራሷን ወዘወዘች፤ ሄልሜቱ ንቅንቅ አላለም። ሌላም ጊዜ ወዘወዘች፣ ጎንበስ ብላም ወዘወዘች፤ ላሟ ቀና ብላ አየቻት። አባቷ ገለባ ይዞ ከበረቱ ወጣ። ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው። ሄልሜቱን ከራሷ ላይ ወሰደና እንደ ቅል በጣቱ መታ መታ አደረገው።

"ይሄ ነገር ያድናታል?" አለኝ።

"አንድ ጊዜ ያድናል" አልኩት። "ከወደቀች በኋላ ላዩ ደህና ቢመስልም ውስጡ ይሰነጠቃል። ከዚያ ይጣላል።"

"ለአንድ ጊዜ ነው ይሄ ሁሉ?"

"ለአንድ ጊዜ ነው።"

አሰበና መልሶ ሰጣት። "ጥሩ ነው። አንድ ጊዜም ብዙ ነው" አለ፤ ወተት ካልጠጣሽ አትሄጂም ብሎኝ ገባ።

ቱሩ ሲጀመር በቴሌቪዥን አልተላለፈም። አሰልጣኙ ማታ ማታ በስልክ ይነግረኛል። በመጀመሪያው ቀን ነፋሱ እንደተፈራው ነበር፤ ልጅቷ ግማሹን መንገድ ከፊት ሆና ጎተተች። በሁለተኛውም እንዲሁ። "ውሉን በእግሯ እየፈረመች ነው" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ድስቴ ጋ ተመለስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። የምነግረው ሰው ባጣም ለአንድ ሰዓት ያህል ቤቱ ሰው ያለበት መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከወትሮው ቀድሞ ደወለ። ወደ ከተማው መግቢያ ላይ ከፊቷ ያለች ልጅ ተንሸራታ ተደራርበው ወድቀዋል። ክንዷ ተልጧል፤ ሐኪም አይቷታል፤ ተነሥታ ነድታ ገብታለች። ሄልሜቱ ከግንባሩ እስከ አናቱ ተሰንጥቋል።

"ቅርፊቱ ለሁለት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከቦታው ግን አልተነቃነቀም" አለ። "ይዘንልሽ እንመጣለን፤ እሷም እንዳይጣል ብላለች። ስፖንጁ ደህና ነው።"

ደህና ነው ሲለኝ ልቤ ደንገጥ አለ። ስፖንጁ ታጥቦ ደህና መሆኑ ለእኔ ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም፤ ግን ደንገጥ አለ። "አታምጡት" አልኩት። "ማሰሪያውን በመቀስ ቁረጡትና ጣሉት። እዚህ ከመጣ ሰው ያነሣዋል፤ ደህና መስሎት ሞተር ላይ ያደርገዋል።" ባለቤቴ የወደቀ ሄልሜት ማሰሪያውን ሳይቆርጥ ጥሎ አያውቅም።

"እሺ" አለ። "ነገ ተራራ ነው፤ ክፍቱን ታደርጋለች። ሐኪሙ ፈቅዷል።"

"እሷን አቅርብልኝ።"

የልጅቷ ድምፅ ደህና ነበር። ይበልጥ ደህና እንዲመስል የፈለገች ይመስለኛል። ወድቄ ነበር፣ አሁን ግን በልቻለሁ፣ ነገ ዳገት ነው፣ ዳገት ደግሞ እወዳለሁ አለችኝ።

"ራስሽን ያምሻል?" አልኳት።

"አያመኝም።"

"ክፍሉ ውስጥ መብራት አብርተሻል?"

"አጥፍቼዋለሁ" አለች ቆይታ። "ዓይኔን ይወጋኛል፤ ትንሽ ነው።"

"ለሐኪሙ ነግረሽዋል?"

"ትንሽ ነው፣ እትዬ።"

ባለቤቴ በወጣትነቱ አንድ ቱር ላይ ወድቆ ራሱን ተመትቶ በማግስቱም በሠልስቱም ነድቶ ጨርሷል። ሰው ጀግንነቱን ሲያወራለት እሱ ዝም ይል ነበር። ለእኔ ብቻ የነገረኝ እነዚያን ሁለት ቀናት ምንም እንደማያስታውሳቸው ነው፤ መንገዱንም፣ የገባበትንም ከተማ፣ አብረውት የነዱትንም። ይሄን ነገርኳት። ሄልሜቱ የሚሠራውን ሠርቷል፤ ነገ የምታደርጊው ክፍትም ይሁን ድፍን አይረዳሽም፤ ነገ ለውድድር አትነሺ አልኳት።

"ውሌስ?" አለች። አሁን እያለቀሰች ነው። "አባቴ ያለውን ታውቂያለሽ። እዚህ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው። አንቺም ስፖንጁን የሰጠሽኝ ለዚህ ነው።"

"ስፖንጁን የሰጠሁሽ ለራስሽ ነው" አልኩ። "ለሐኪሙ ንገሪው። ራስሽ ንገሪው፤ እኔ አልነግርብሽም።"

እሺም እምቢም አላለችም። ስልኩ ተቋረጠ፤ እሷ ትዝጋው ወይ መስመሩ ይቋረጥ አላወቅሁም። መልሼ ደወልኩ፤ አይነሣም። አሰልጣኙ ጋ ልደውል ብዬ ስሙን አወጣሁና ተውኩት፤ አልነግርብሽም ብያታለሁ። እሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቅሁም። የሚመልስልኝ እንደሌለ ከሄደ ወዲህ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን መልሱን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ፤ ተሳስቼ ከሆነም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ የውድድሩ መነሻ ሰዓት ሲደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ስልኬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። አሰልጣኙ እንደ ልማዱ የመነሻውን ፎቶ ላከ። ከሥሩ ምንም አልጻፈም። ከጀርባቸው ጭጋግ የያዘው ተራራ ይታያል፤ ልጆቹ ሁሉ ክፍት ሄልሜት አድርገዋል፤ የክለባችን ልጆች በግራ በኩል አንድ ላይ ቆመዋል። በጣቴ እያሰፋሁ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ከፊት የቆሙትን፣ ከኋላ በትከሻ የተሸፈኑትን፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን የምታጠብቀውን። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አየሁ። የለችም።

እሱ ከሞተ ወዲህ የሰው አለመኖር ደግ ነገር የሆነልኝ ያኔ ነው። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝታ ይሆናል፤ ምናልባትም ተናዳብኛለች። ትናደድ። ብትደውልልኝ የምላትን አላሰብኩም፤ ባትደውልም ይገባኛል። ውጭ የጎረቤት ልጆች እየሮጡ ሲያልፉ ሰማሁና በሩን ከፍቼ ቆሜ አየኋቸው።